የሃምሳ አለቃ ጋራዥ (ደብረ ብርሃን)፦ ፍሬኑ አንደኛ፣ ፖስተሩ ግን…

ከደብረ ብርሃን ወደ ደሴ መውጫው ላይ ሃምሳ አለቃ እያልን የምንጠራቸው ሰውዬ ጋራዥ አለ፣ በዚህ መስመር የሚነዳ ሹፌር አብዛኛው ያውቀዋል። ላላወቃችሁት ነው ምጽፈው፣ ምክንያቱም ሰሞኑን ሰው ስለ ጋራዡ ሲጠይቅ መልሱ ስለ ምርጫ ሆኗል። አዎ፣ ሰውዬው ለክልል ምክር ቤት በግል እጩነት ገብተዋል። ልምረጣቸው አልምረጣቸው የራሴ ጉዳይ ነው፣ እዚህ ኮከብ ምሰጠው ለፍሬን ስራቸው ነው።

እኔ ኤንፒአር አይሱዙ የጭነት መኪና ነው ምነዳው። ከዚህ ቢራ ጭኜ ወደ ሸዋ ሮቢትና አጣዬ እወርዳለሁ፣ ስመለስ ሽንኩርት ነው። ጣርማ በርን ያየ ሰው ምን እንደምል ይገባዋል፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ ብርድና ጉም ውስጥ ዋሻውን ታልፍና ደብረ ሲና እስክትገባ ዝም ብሎ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ነው፣ ከዛም ቆላው ድረስ መውረድ ነው። ጭነት ይዘህ በትንሽ ማርሽ ሳይሆን ፍሬን እየረገጥክ ከወረድክ ታምቡሩ (ከጎማው ጋር የሚዞረው ብረት) ይግላል፣ ሸራው (ታምቡሩን ተጭኖ የሚይዘው) መሽተት ይጀምራል፣ ፔዳሉ ከእግርህ ስር እየሰመጠ ይሄዳል። እና እዚህ መስመር ላይ ፍሬን የሚነካልህ ሰው ማን እንደሆነ ማወቅ ግድ ነው።

መጀመሪያ የሄድኩት ሸራ ላስቀይር ነበር፣ ሌላ ቦታ አልቋል ተብዬ። ሃምሳ አለቃ የኋላውን ጎማ አስፈትተው ታምቡሩን አወጡና ሸራውን በአውራ ጣታቸው ጥፍር ጫር ጫር አደረጉት። «ና እየው» አሉኝ፣ ያብለጨልጫል። «አላለቀም ልጄ፣ ግሎ ግሎ ነው እንዲህ የሆነው፣ መያዝ እምቢ ያለህ ለዛ ነው»። በብርጭቆ ወረቀት አስፈገፈጉት፣ ታምቡሩን ለክተው መለሱት፣ አዲስ ሸራ አልሸጡልኝም። መሸጥ እየቻሉ ማለት ነው፣ እቃው መደርደሪያቸው ላይ ነበር እኮ።

ከዛ የፍሬን ዘይቱን በሃይላንድ ጠርሙስ ቀድተው ከአዲሱ አጠገብ አስቀመጡልኝ፣ የኔው የጀበና አተላ መስሏል። ብዙ ሹፌር ሚዘነጋው ይሄንን ነው፣ የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ሚፈላው በ205 ዲግሪ ነው፣ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን ወደ 140 ይወርዳል፣ ዶት 4 ደግሞ ከ230 ወደ 155። ጣርማ በር ላይ ጎማው ጋ ያለው ዘይት እዛ ሙቀት ከደረሰ ይፈላል፣ አረፋ ይሰራል፣ ስትረግጥ አረፋውን ነው ምትረግጠው፣ በቃ ፍሬን የለህም። ቁጥሮቹን ግድግዳው ላይ በኖራ ጽፈዋቸዋል፣ ተለማማጅ ልጆቹን በቃላቸው ያስጠኗቸዋል።

ሰውዬው በባድመው ጦርነት ጊዜ ሰራዊቱ ውስጥ ኦራል የጭነት መኪና ሲጠግኑ ነበር፣ ብዙ አያወሩትም፣ ቤቱ ግን ያወራል። እያንዳንዱ መፍቻ ግድግዳው ላይ የራሱ ቅርጽ ተስሎለታል፣ ማታ ባዶ የቀረ ቅርጽ ካለ እስኪገኝ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። የተፈታውን አሮጌ እቃ በፌስታል አድርገው ይሰጡሃል። ሐሙስ 8 ሰዓት ካሉ ሐሙስ 8 ሰዓት ነው፣ እቃው ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ካልመጣ ደግሞ ረቡዕ ራሳቸው ይደውላሉ። እንዲህ ያለ ጋራዥ ካወቃችሁ ንገሩኝ፣ እኔ አላየሁም።

አሁን ወደ ፖስተሩ። በሩ ላይ፣ ከጎማ ክምሩ በላይ ተለጥፏል፣ ሱፍ ለብሰው፣ ከስሩ «ክልላችንን እመራለሁ፣ ስራ ለሁሉም ወጣት፣ አስፋልት ለሁሉም ወረዳ» ይላል። ይሄ ነገር አልዋጥልህ አለኝ። አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ የአክስቴ ልጅ ፎቶውን ስልክለት «እኛም ጋ እኮ እንዲህ ነው» አለኝ፣ የሜሪላንዱ ገዢ ዌስ ሙር አፍጋኒስታን የዘመተ የጦር መኮንን ነበር፣ በኋላ ቢዝነስ አቋቁሟል፣ የበጎ አድራጎት ድርጅትም መርቷል፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ተወዳድሮ አሸነፈ። እሺ፣ ግን እዛ ገዢውን ህዝቡ በቀጥታ ነው ሚመርጠው። እኛ ጋ ርዕሰ መስተዳድሩን የሚመርጠው ምክር ቤቱ ነው፣ እሱንም ሚያቀርበው አብላጫ ወንበር ያገኘ ፓርቲ ነው። በግል የገባ ሰው ቢያሸንፍ ሚያገኘው አንድ ወንበር ነው፣ አንድ ድምጽ ነው። ክልል ሚመራው በየት በኩል ነው?

ይሄንኑ ሻይ እየጠጣን አልኳቸው (ለሚጠብቅ ሰው የጦስኝ ሻይ በነጻ ነው፣ ይሄም ይመዝገብላቸው)። «እሱንማ መች አጣሁት ልጄ፣ ሰው ትልቅ ነገር ካላሉት አይሰማም» አሉኝ። «ሃምሳ አለቃ፣ እኔን እኮ ለሐሙስ ነው ያሉኝ፣ ጣርማ በርን ሜዳ አደርግልሃለሁ አላሉኝም፣ እኔ ደሞ መጣሁ» አልኳቸው። ሳቁና ዘይት ሊቀይሩ ተነሱ። ፖስተሩ ግን አሁንም አለ፣ ጋራዡ ውስጥ የማይችሉትን ነገር ሲሉ ሰምቼ ስለማላውቅ ነው የከነከነኝ። ወንበሯን ቢያገኙ እኮ ምን ሊሰሩባት እንደሚችሉ ቁጭ ብለው ቢጽፉት ቁጥሮቹን እንደጻፉበት ግድግዳ ቁልጭ ያለ ነገር ይወጣቸው ነበር።

ለአገልግሎቱም ቢሆን ምርጫው አልበጀም። ከሰዓት በኋላ አይገኙም፣ አግዳሚው ላይ ሹፌር ሳይሆን የቅስቀሳ ሰው ነው ሚቀመጠው፣ ሻዩንም እነሱ ናቸው ሚጨርሱት። ባለፈው ስሄድ ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልኩና ልጆቹ ዘይቱን ቀየሩልኝ። ጉዶ በረት ሳልደርስ ፔዳሉ ላላ፣ ሁለቴ ካልረገጥኩት አይዝም፣ ቁልቁለቱ ሳይጀምር አዙሬ ተመለስኩ። ልጆቹ አንዱ ጎማ ላይ ከፍሬን ዘይቱ ውስጥ አየር ሳያስወጡ ቀርተው ነው። ልጆቹ ደውለውላቸው ሃምሳ አለቃ መጡ፣ ከነሱፉ፣ ኮታቸውን ለአንዱ ልጅ አስይዘው ራሳቸው ስሩ ገቡ፣ አንዱ ልጅ ፔዳሉን እየረገጠ እሳቸው ከታች «ያዝ… ልቀቅ… ያዝ» እያሉ አረፋው እስኪጠፋ አስወጡት። አንድ ብር አልተቀበሉኝም፣ ልጆቹንም እኔ ፊት አልተቆጡም፣ ከሄድኩ በኋላ ምን እንደተባሉ ግን መገመት ይቻላል። ያም ሆኖ እሳቸው በሌሉበት የተሰራውን የሚያይ አንድ የበሰለ መካኒክ ካልቀጠሩ፣ ቢመረጡም ባይመረጡም ስማቸው የሚበላሸው እዚሁ ጋራዡ ውስጥ ነው።

የእጅ ዋጋ ከሌላው ትንሽ ወደድ ይላል፣ የማያስፈልግህን እቃ ስለማያስገዙህ ግን ድምሩ ያንሳል። ደረሰኝ ይሰጣሉ፣ በቴሌብር ይቀበላሉ፣ እሁድ ዝግ ነው። ከአምስት አራት ሰጥቻለሁ። ጎማና ዘይት ከሆነ በፈለጋችሁት ሰዓት ሂዱ፣ ፍሬን ከሆነ ግን ደውላችሁ «ራሳቸው አሉ ወይ» በሉ፣ ጠዋት እስከ 4 ሰዓት አይጠፉም። መጠበቂያው ንፋስ ስለሚያስገባ ካፖርት ደርባችሁ ሂዱ።