ፊትሲ፣ ፒ ኢ ወይስ ኤ ፒ ሲ? ለሐረርና ለድሬዳዋ ላብራቶሪ የሚያዋጣው ቀለም

ሴል ለመለየት ቀለም የተለጠፈበት አንቲቦዲ ለማዘዝ የተነሳ ተመራማሪ ካታሎጉን ሲከፍት ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ዋጋው ላይ ነው። አይፈረድበትም። ግን ሐረርና ድሬዳዋ ላይ ዋጋው ሦስተኛ ጥያቄ ነው። አንደኛው «ማሽኔ ምን ሌዘር አለው?»፣ ሁለተኛው «ዕቃው እኔ ጋ እስኪደርስ ቅዝቃዜው ይጠበቅለታል ወይ?» ነው።

ለጀማሪዎች ባጭሩ እንንገራችሁ። የመከላከያ ሴሎች ገጻቸው ላይ ባለው ፕሮቲን ይለያሉ፤ ፕሮቲኑን «ምልክት» እንለዋለን። ሲዲ 3 ያለው ቲ ሴል ነው። ሲዲ 19 ያለው ቢ ሴል፣ ሲዲ 14 በብዛት ያለው ሞኖሳይት፣ ሲዲ 56 ኖሮት ሲዲ 3 የሌለው ደግሞ ኤንኬ ሴል ይባላል። እያንዳንዱን ፕሮቲን ለይቶ የሚይዝ አንቲቦዲ አለ፤ እሱ ላይ የሚያበራ ቀለም ይለጠፋል፤ ፊትሲ፣ ፒ ኢና ኤ ፒ ሲ የቀለሞቹ ስም ናቸው። ፍሎው ሳይቶሜትር የሚባለው ማሽን ሴሎቹን አንድ በአንድ በሌዘር ፊት እያሳለፈ ቀለሙን ያነባል።

ፊትሲና ፒ ኢ

ሁለቱም በሰማያዊው የ488 ናኖሜትር ሌዘር ይሠራሉ። ስለዚህ አንድ ሌዘር ብቻ ያለው አሮጌ ማሽንም አብዛኛውን ጊዜ አይቸገርባቸውም። ፊትሲ 520 ናኖሜትር አካባቢ አረንጓዴ ያበራል። ርካሽ ነው፤ የሌለው አምራችም የለም ማለት ይቻላል። ችግሩ ብርሃኑ ደከም ያለ ነው። መፍትሔው ወደ አሲድ ካዘነበለ ደግሞ ይብስበታል።

ፒ ኢ 575 አካባቢ ያበራል፣ ያውም በደንብ። ዋጋውም እንደዚያው ከፍ ይላል። ታዲያ ሁሉንም በፒ ኢ ልግዛ ካላችሁ ተሳስታችኋል፤ በአንድ ቱቦ ውስጥ አንድ ቀለም ለአንድ ምልክት ብቻ ነው። ደማቁን ቀለም ሴሉ ላይ በጥቂቱ ለሚገኘው ምልክት አስቀምጡት፤ ለምሳሌ ሬጉላቶሪ ቲ ሴል (የመከላከያውን ሥራ የሚገታውን) ለምትፈልጉበት ሲዲ 25። እንደ ሲዲ 45 እና ሲዲ 8 ላሉት፣ ሴሉ ላይ ለሚትረፈረፉት፣ ፊትሲ ይበቃል።

ሁለቱን አብራችሁ ስትገዙ አንድ ወጪ አትርሱ። የፊትሲ ብርሃን ማሽኑ ፒ ኢን ወደሚያነብበት ቻናል ይፈስሳል። ያንን ለማረም እያንዳንዱ ቀለም ለብቻው የገባበት መቆጣጠሪያ ቱቦ ያስፈልጋል። ሌላው ደግሞ ፍሪዘር ነው። ፒ ኢ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው የሚቀመጠው። «ውድ ዕቃ ነው» ብሎ ከኢንዛይሞቹ ጋር ፍሪዘር የሚከት አሳቢ የመጋዘን ሠራተኛ በየቦታው አይጠፋም። በረዶ የሆነ ፒ ኢ አለቀለት።

ኤ ፒ ሲ

ቀይ ሌዘር ይፈልጋል፤ ከ633 እስከ 640 ናኖሜትር ያለው ማለት ነው። 660 አካባቢ ያበራል፤ ከፊትሲ ጋር ሲጣመር መደራረብ የለም በሚባል ደረጃ ነው። ሁለት ቀለም ብቻ ለሚጠቀም ሰው እኔ ከፊትሲና ከፒ ኢ ይልቅ ፊትሲና ኤ ፒ ሲ እመርጣለሁ፤ የማረሙ ጣጣ ይቀላል። ማሽናችሁ ቀይ ሌዘር ከሌለው ግን ገንዘባችሁን ውሃ በላው። ፋክስ ካሊበር የሚባለው የፍሎው ሳይቶሜትር ሞዴል ያላችሁ፣ ቀዩ ሌዘር የተገጠመለትና የሚሠራ መሆኑን ከማዘዛችሁ በፊት አረጋግጡ።

ታንደሞቹ

ፒ ኢ ሳይ 7፣ ኤ ፒ ሲ ሳይ 7 የሚባሉት ሁለት ቀለም ተጣምሮ የተሠሩ ናቸው። በአንድ ሌዘር ብዙ ምልክት ለማየት ግሩም ናቸው። ብርሃንና ሙቀት ግን አይወዱም፤ በፎርማልዲሃይድ የታከመ ሴል ላይ ለብዙ ሰዓት ሲቆዩም ይጎዳሉ። ክፋቱ ዝም ብለው አይሞቱም። ፒ ኢ ሳይ 7 ሲፈርስ ራሱ ፒ ኢ ሆኖ ያበራል፤ የሌለ ሴል ያለ ይመስላችኋል።

እዚህ ላይ የበጀት ዓመታችን ይመጣል። ሰኔ 30 ከመድረሱ በፊት በጀት ለመዝጋት ሁሉም በግንቦትና በሰኔ ያዛል። ድሬዳዋ የምትግለው ደግሞ ያኔ ነው። ካርቶኑ ሰነዱ እስኪያልቅ ውጭ ውሎ፣ ከዚያ የደንገጎን ዳገት ወጥቶ ሐረር ሲደርስ አይስ ፓኩ ውሃ ሆኗል። ፊትሲ ይህን ሊያልፈው ይችላል። ታንደም ላይ ግን አልወራረድም። የግድ ካስፈለጋችሁ በጥቅምት ወይም በኅዳር እዘዙ።

ፈሳሽ ወይስ ደረቅ?

ቱቦው ውስጥ ቀድሞ ተደባልቆ የደረቀ የአንቲቦዲ ጥቅል አለ። አንዳንዱ በክፍል ሙቀት ይቀመጣል፤ መብራት ሲጠፋ አትደነግጡም። ደምና ማሟሟቂያ መጨመር ነው። ጉዳቱ ጥቅሉን እንዳሻችሁ መቀየር አትችሉም፣ ዋጋውም ይቆነጥጣል። ተመሳሳይ ምርመራ ለወራት ለሚደጋግም ጥናት ደረቁ ይሻላል። ገና እየሞከረ ላለ የማስተርስ ተማሪ ፈሳሹ።

ፈሳሹን ስታወዳድሩ በሚሊ ሊትር አትቁጠሩ፣ በቴስት (በአንድ ናሙና ምርመራ) ቁጠሩ። አንዱ አምራች ለአንድ ቴስት 5 ማይክሮ ሊትር፣ ሌላው 20 ሊያዝ ይችላል። ትልቁ ብልቃጥ የግድ ብዙ ቴስት የለውም። ደግሞ መጠኑን እየቀነሳችሁ በራሳችሁ ደም ሞክሩት፤ ብዙ ጊዜ ከታዘዘው ያነሰ ይበቃል።

ፍሎው ሳይቶሜትር ለሌለው ኢንዛይም የተለጠፈበት አንቲቦዲ አለ። ስላይድ ላይ ቡናማ ቀለም ይሰጣል፤ በተራ ማይክሮስኮፕ ይታያል። በአንድ ስላይድ የምታዩት ምልክት ጥቂት ነው፣ ቆጠራውም ዓይን ያደክማል። ይሠራል ግን።

ስንት ቴስት ልግዛ ለሚል፦ የጤነኛ ሰው ናሙናም አስቡ። የጤነኛ ኢትዮጵያውያን የሲዲ 4 (የረዳት ቲ ሴል) ቁጥር በአማካይ ከአውሮፓውያን ዝቅ እንደሚል በጥናት ታይቷል። የፈረንጅ መደበኛ ቁጥር ቀድቶ ከሐረር ታካሚ ጋር ማወዳደር አያዋጣም። ለሲዲ 4 ሲዲ 3ንም አብራችሁ ግዙ፤ ሞኖሳይትም ጥቂት ሲዲ 4 ስላለው ያደናግራል። ሐረማያ ግቢ ግመልና ፍየል ላይ ለምትሠሩ ደግሞ የሰው አንቲቦዲ ብዙ ጊዜ አይዝላችሁም፤ ለእንስሳው መሥራቱን አምራቹ በጽሑፍ ያረጋግጥ።

ፕሮፎርማው ላይ «ሲዲ 3 አንቲቦዲ» ብቻ ተጽፎ ከሆነ መልሱት። ክሎኑ፣ ማለትም የአንቲቦዲው ዓይነት መለያ (ዩ ሲ ኤች ቲ 1 ነው ወይስ ኤስ ኬ 7?)፣ ቀለሙ፣ የሚሠራበት ዝርያ (ሰው ወይስ እንስሳ)፣ የቴስቱ ብዛትና የማብቂያ ቀኑ ይጻፍ። «ለምርምር ብቻ» የሚል ከሆነ ውጤቱ የታካሚ ካርድ ላይ አይገባም።