የእንቁጣጣሽ ሥዕል ወይስ የአለላ ስፌት?

ለመስከረም 1 ልጆች በእጃቸው ሠርተው ከሚሰጧቸው ስጦታዎች ሁለቱን ላነጻጽር፤ ሥዕልንና ትንሽ የአለላ ስፌትን፣ ማለትም ከሣር የሚሰፋ ባለ ቀለም ማቅረቢያን።

ሥዕሉ ከወረቀትና ከቀለም ሌላ አይጠይቅም፤ በአንድ ከሰዓት በኋላ ያልቃል። ለመምህር የምመርጠው እርሱን ነው። ልጁ ግን ገበያ ላይ የሚሸጠውን ከመገልበጥ ይልቅ መምህርቱን ራሳቸውን ይሳል፤ ጥቁር ሰሌዳውን፣ ጠመኔ የነካውን እጅጌያቸውን፣ ዙሪያውን ደግሞ አደይ አበባ። ከጀርባው «ማንበብ ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ» ብሎ በራሱ እጅ ይጻፍበት። ፊደሉ ቢንጋደድም አታርሙለት።

ስፌቱ ሌላ ትዕግሥት ይፈልጋል። ስንደዶ የሚባለው ሣር በውስጥ ይሆናል፤ አክርማ የሚባለው ሌላው ሣር በውኃ ርሶ በወስፌ በተበሳው ቀዳዳ እየገባ ይጠመጠምበታል፤ ቀለም የተነከረው አለላ ጌጡን ያወጣል። የወስፌ ጫፍ ሹል ስለሆነ ለትንሽ ልጅ አይሆንም፤ ከፍ ላለችው፣ ያውም ከአዋቂ ጋር። ሥራው ቀስ ብሎ ስለሚያድግም ከክረምቱ መግቢያ መጀመር አለበት። ለአያት ግን ከዚህ የሚበልጥ ስጦታ አላውቅም! የቡና ቁርስ ያቀርቡበታል፤ ለጎረቤትም «የልጅ ልጄ የሰፋችው» እያሉ ያሳዩታል።

ጊዜው ከጠበበ ስፌቱ ለገና ይቆይ፤ በጥድፊያ የተሰፋው ይላላል።