በፋየርሬድ ማንን ይዘን እንጓዝ? ኒዶኪንግ፣ ካዳብራ፣ ላፕራስና ሌሎቹ በዋጋ ሲመዘኑ

ፖኬሞን ፋየርሬድን የሚጀምር ጓደኛ ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «ቡድኔ ውስጥ ማንን ላስገባ?» ይለኛል። ጌሙ ከወጣ ቆይቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ጥያቄው ግን አላባራም። ስለዚህ መልሴን አንዴ በደንብ ልጻፈው። ከአሁኑ እንድታውቁት፣ እኔ የኒዶኪንግ ወገን ነኝ።

ውሃ እሳትን ይረታል፣ መብረቅ ውሃን ይረታል የሚለውን እዘለዋለሁ። እሱን ሁሉም ያውቀዋል። ብዙ ሰው የማያሰላው ወጪውን ነው። አንድ ፖኬሞን ሦስት ቦታ ላይ ያስከፍላችኋል። መጀመሪያ ሲያዝ ወይም ሲገዛ። ቀጥሎ ደህና ሙቭ (የውጊያ ምት) ሲማር። ከዚያ ደግሞ በወደቀ ቁጥር ሲነሳ። ኪስ የሚያራቁተው ይሄ የመጨረሻው ነው።

ሴላደን ከተማ ጌም ኮርነር የሚባል የቁማር ቤት አለ። እዚያ 50 ሳንቲም በ1,000 ፖኬዶላር ይሸጣል፤ 500ው ደግሞ በ10,000። ብዙ ለገዛ ቅናሽ የለም። አንድ ሳንቲም 20 ፖኬዶላር ነው ማለት ነው። ይህችን 20 ያዙልኝ፣ ብዙው ስሌት በእሷ ነው የሚሠራው።

ኒዶኪንግ፦ ከ10 9.5

ዋጋው ስንት ነው? 200 ፖኬዶላር። የአንድ ተራ ፖኬ ቦል ዋጋ ማለት ነው። ወንዱ ኒዶራን ሩት 3 ላይ ይገኛል። ቶሎ ብቅ ላይል ይችላልና ትንሽ ሣር ውስጥ መመላለስ አለ። ሌቭል 16 ላይ ኒዶሪኖ ይሆናል። ከዚያ ወደ ኒዶኪንግ የሚቀይረው ሙን ስቶን ማውንት ሙን ዋሻ ውስጥ ወድቆ ታገኙታላችሁ። ሌሎቹን ድንጋዮች የሚሸጠው የሴላደን መደብር ይህን አይሸጥም። ስለዚህ ዋሻውን ሳትፈትሹ አትውጡ። ሁለተኛውን ጂም (መሪውን አሸንፋችሁ የምታልፉትን ቤት) ሳትነኩ እጃችሁ ላይ ሙሉ ያደገ ፖኬሞን አለ።

ዋናው ነገር ግን ሙቭ ላይ ነው። በዚህ ጌም ቲኤም (ሙቭ የሚያስተምር ዕቃ) አንዴ ካስተማራችሁበት አለቀ፣ ድጋሚ አይሠራም። ስምንቱ የጂም መሪዎች ሲሸነፉ አንድ አንድ ቲኤም ይሰጣሉ። ከስምንቱ ስድስቱን ኒዶኪንግ ይማራቸዋል። የብሮክን ሮክ ቶምብ፣ የሚስቲን ዋተር ፐልስ፣ የሰርጅን ሾክ ዌቭ፣ የኮጋን ቶክሲክ፣ የብሌይንን ፋየር ብላስት፣ የጆቫኒን ኧርዝኩዌክ። የማይማረው የኤሪካንና የሳብሪናን ብቻ ነው። በዚህ ላይ ሴሩሊያን ከተማ ቤት የዘረፈውን የሮኬት ሌባ ስታሸንፉ ዲግ ይሰጣችኋል። ያንን አስተምራችሁት ወደ ሰርጅ የመብረቅ ጂም ግቡ። መብረቅ ጭራሽ አይነካውም፣ እሱ ደግሞ በዲግ ያጸዳቸዋል። የሚመታው በጉልበትም በልዩ ኃይልም ስለሆነ ያስተማራችሁት ሁሉ ይሠራለታል።

ግማሽ ነጥብ የቀነስኩት በሳብሪናና፣ መጨረሻ ላይ ከምትገጥሟቸው ከኤሊት ፎር አንዷ በሆነችው በሎሬላይ ነው። የሳይኪክና የበረዶ ምት አይቋቋምም። እነሱ ጋ ሲደርስ ሌላ አስገቡ።

ካዳብራ፦ ከ10 6.5

ብዙዎች እዚህ ላይ ይጣሉኛል። ፈጣን ነው፣ ምቱም ከባድ ነው፣ የሮኬት ሌቦችን የመርዝ ፖኬሞኖች ያራግፋል። ኮጋንም እንዲሁ። አልክድም። አድጎ ካዳብራ የሚሆነውን አብራን በነጻ ሩት 24 እና 25 ላይ ማግኘት ይቻላል፤ ግን በመጀመሪያው ተራው ቴሌፖርት አድርጎ ይጠፋል። ትዕግስት ያለቀበት ሰው በጌም ኮርነር በ180 ሳንቲም ይገዛዋል። 3,600 ፖኬዶላር ነው። የኒዶራንን 18 እጥፍ!

እሱም ባልከፋ። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። ካዳብራ ሰውነቱ ስስ ነው፤ ኤችፒው (ጤናው) መነሻው 40፣ መከላከያው 30። አንድ ደህና ምት ካረፈበት ወደቀ። የወደቀን የሚያነሳው ሪቫይቭ አንዱ 1,500 ነው፣ እሱም የሚያነሳው በግማሽ ጤና ነው። ስለዚህ ጤና የሚሞላ ሃይፐር ፖሽን ትጨምራላችሁ፣ ሌላ 1,200። መንገድ ላይ ስትሆኑ ፖኬሞን ሴንተር በነጻ ያክማል፣ አይታወቃችሁም። ኤሊት ፎር ጋ ግን አራቱንና ሻምፒዮኑን በተከታታይ ነው የምትገጥሙት። መሀል ላይ ሴንተር የለም። አንድ ውጊያ ላይ ሁለቴ ከወደቀ 5,400 ሄደ።

«አላካዛም ሲሆንስ?» ትሉኛላችሁ። አላካዛም የሚሆነው በመለዋወጥ ብቻ ነው። ሁለተኛ መሣሪያ፣ ሁለተኛ ካርትሪጅና የሚያምኑት ሰው ያስፈልጋል። ያ ያለው ሰው ነጥቡን 8 ያድርገው።

ላፕራስ፦ ከ10 9

የላፕራስ ዋጋ ዜሮ ነው። ሲልፍ ኩባንያ ሕንፃ ውስጥ አንድ ሠራተኛ በነጻ ይሰጣችኋል። ሌቭሉ 25 ስለሆነና የናንተ ቡድን በዚያ ሰዓት በጣም ስላለፈው ብዙ ሰው ሳጥን ውስጥ ይወረውረዋል። ይሄን አታድርጉ። ላፕራስ ሌቭል 31 ላይ አይስ ቢምን በራሱ ይማራል። ያው አይስ ቢም በጌም ኮርነር 4,000 ሳንቲም ነው። በ20 አባዙት፣ 80,000 ፖኬዶላር!

ማዋጋት ከሰለቻችሁ ፖኬሞን ተቀብሎ የሚያሳድግላችሁ ሩት 5 ያለው ዴይ ኬር አለ። መነሻው 100፣ ከዚያ ለጨመረው ለእያንዳንዱ ሌቭል 100 ነው። ከ25 ወደ 31 ጠቅላላ 700 ይሆናል። ሌላው ክፍያ እግር ነው። ወደ 17,700 ርምጃ መሄድ ግድ ይላል፣ ብስክሌት ይዛችሁም ቢሆን ረጅም ነው። አንድ ጥንቃቄ፣ ዴይ ኬር ውስጥ አዲስ ሙቭ ሲማር ያለውን አጥፍቶ ነው የሚተካው፣ እናንተን አይጠይቅም። የውሃ ሙቩን ሰርፍን ካወጣችሁት በኋላ አስተምሩት።

በነገራችን ላይ ብስክሌቱን በ1,000,000 የሚጠራውን ሱቅ አትስሙት። ቨርሚሊየን ያለው የፖኬሞን ፋን ክለብ ሊቀመንበር ወሬውን ከሰማችሁለት ቫውቸር ይሰጣችኋል፣ በነጻ ትወስዳላችሁ።

ከኤሊት ፎር የመጨረሻው ላንስ ጋ ስትደርሱ የላፕራስ ዋጋ ይገባችኋል። ከአምስቱ ፖኬሞኖቹ አራቱ በረዶን አይችሉም። ድራጎናይትማ አራት እጥፍ ነው የሚጎዳው።

ኢቪ፦ እንደ ምርጫችሁ

ኢቪም ነጻ ናት፤ ሴላደን ማንሽን ውስጥ ሌቭል 25 ሆና ትሰጣለች። ጆልቲዮን፣ ፍላሬዮን ወይም ቫፖሪዮን የሚያደርጋት ድንጋይ 2,100 ነው። ሰው ሁሉ ጆልቲዮንን ይወዳል፣ ፈጣን ስለሆነ። ግን ወጥመድ አለ። ጆልቲዮን የመጀመሪያ የመብረቅ ሙቩን የሚማረው ሌቭል 16 ላይ ነው። እናንተ ያገኛችኋት ኢቪ ያንን አልፋዋለች። ቀጣዩ የሚመታ የመብረቅ ሙቭ ሌቭል 52 ላይ ነው። እስከዚያ ወይ የሰርጅን ሾክ ዌቭ ከኒዶኪንግ ትቀሙለታላችሁ፣ ወይ ተንደርቦልትን በ80,000 ትገዛላችሁ። ፍላሬዮንም ያው ጣጣ አለበት። ድንጋዩና ፍሌምትሮወር አንድ ላይ 82,100 ይመጣሉ።

ቫፖሪዮን ግን ሰርፍን በነጻ ይማራል። ሰርፍ ቲኤም ስላልሆነ ለፈለጋችሁት ሁሉ ደጋግማችሁ ማስተማር ትችላላችሁ። ጠቅላላ ወጪው 2,100፣ አለቀ። ለጆልቲዮን 6፣ ለፍላሬዮን 3፣ ለቫፖሪዮን 8.5 እሰጣለሁ። ላፕራስን የያዘ ሰው ግን ሁለተኛ የውሃ ፖኬሞን አያስፈልገውም።

ጋያራዶስ፦ ከ10 6

ከማውንት ሙን በፊት ያለው ሴንተር ውስጥ አንድ ሰውዬ ማጂካርፕ በ500 ይሸጣል። ቨርሚሊየን ስትደርሱ ኦልድ ሮድ በነጻ ይሰጣችሁና የፈለጋችሁትን ያህል ማጂካርፕ ታወጣላችሁ። ያንን 500 ለመጀመሪያዎቹ ፖሽኖች አቆዩት፣ አንዱ 300 ነው። ሌቭል 20 ላይ ጋያራዶስ ሲሆን መልኩ ያስደነግጣል። በዚህ ጌም ግን የውሃ ሙቭ ሁሉ የሚሰላው በልዩ ኃይል ነው። የሱ ጉልበት 125 ሆኖ ልዩ ኃይሉ 60 ነው። ሰርፉ ከመልኩ ጋር አይመጣጠንም።

ስኖርላክስ፦ ከ10 9

ሁለት አሉ፣ ሩት 12 እና ሩት 16 ላይ መንገድ ዘግተው የተኙት። ሌቭላቸው 30። ከመቀስቀሳችሁ በፊት ሴቭ አድርጉ፣ ካሸነፋችሁት አይመለስም። ስኖርላክስን የምወደው በጥገናው ነው። ኤችፒው መነሻው 160 ነው፣ ሬስት ብሎ ራሱን ሙሉ በሙሉ ያክማል። ካዳብራ ሪቫይቭ ሲበላ ይሄ አንድም ፖሽን ሳያስወጣችሁ ኤሊት ፎርን ያጋምሳል። ቀርፋፋ ነው፣ እሱን እወቁት።

ድራቲኒና ፖሪጎን

ድራቲኒ 2,800 ሳንቲም፣ ማለትም 56,000። ሳፋሪ ዞን ውስጥ ግን በሱፐር ሮድ ይያዛል፣ መግቢያው 500 ነው። ድራጎናይት የሚሆነው ሌቭል 55 ላይ ነው። እስከዚያ ጌሙ ሊያልቅ ነው። ነጥቡ 3። ፖሪጎን 9,999 ሳንቲም ነው፣ ወደ 200,000 ፖኬዶላር። 1።

የመጀመሪያው ምርጫ ላይ ብዙ አልልም። ቡልባሶር ብሮክንና ሚስቲን ያቀልላችኋል፣ ሌሎቹም ያደርሷችኋል። ለመብረር አንድ ወፍ ያዙ። ስለዚህ የኔ ስድስት፦ ቬነሶር፣ ኒዶኪንግ፣ ላፕራስ፣ ስኖርላክስ፣ ፒጆት፣ ስድስተኛው ደግሞ ዳግትሪዮ። ዳግትሪዮን ዲግሌትስ ኬቭ ውስጥ ያደገውን፣ ሌቭል 29 ወይም 31 ሆኖ ታገኙታላችሁ። እሱም በፖኬ ቦል ዋጋ።

አሁን ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝን ልንገራችሁ። ካርትሪጁ ራሱ ፎርጅድ ከሆነ ይሄ ሁሉ ስሌት ገደል ይገባል። ኦሪጅናል ነው ተብሎ የተሸጠልኝ አንዱ ኤሊት ፎርን ካሸነፍኩ በኋላ ሴቭ አላደርግም አለ። ቡድኑ በሙሉ ጠፋ። ይሄ በፎርጅዶቹ ላይ የታወቀ በሽታ ነው። መጀመሪያ ላይ በደንብ ሴቭ ያደርጋሉ፣ ስለዚህ ሱቅ ውስጥ አብርቶ መሞከር አይበቃም። ኦሪጅናሉ ፋየርሬድ ለሴቭ ባትሪ አይጠቀምም፤ ውስጡ ባትሪ ካያችሁ ፎርጅድ ነው። ከታች ጥርሶቹ ጋ ቦርዱ ላይ ኔንቲዶ የሚል ጽሑፍ መኖር አለበት። ከኋላ ያለው ብሎን ሦስት ክንፍ ያለው ነው እንጂ ተራ የመስቀል ብሎን አይደለም። ሻጩ ይህን ሁሉ እንድታዩ ካልፈቀደ ገንዘባችሁን አትስጡት።