«ባለ 1 ዋት ቲዩብ አምፕ» እያሉ የሚሸጡትን ኪት ከመግዛታችሁ በፊት

ማታ ማታ ሰው ሳትረብሹ ያንን ወፈር ያለ የቲዩብ (ሲግናሉን የሚያጎላ፣ አምፖል የሚመስል የመስታወት ዕቃ) ኦቨርድራይቭ ለማግኘት ብላችሁ አነስተኛ ዋት ያለው፣ ራሳችሁ የምትገጣጥሙት የአምፕ ኪት ለመግዛት ያሰባችሁ ጊታሪስቶች፣ እባካችሁ ይህን ሳታነቡ ገንዘባችሁን አታውጡ። እኔ ሁለት ጊዜ ተሸውጃለሁ። የመጀመሪያው ኪት ገንዘቤን በላኝ። ሁለተኛው ነፍሴንም ሊበላ ይችል ነበር። እያጋነንኩ አይደለም። የለካሁትን ቁጥር ከታች አስቀምጣለሁ፣ ራሳችሁ ፍረዱ።

መጀመሪያ ለምን እንደፈለግኩት ልንገራችሁ። ቲዩብ አምፕ ላይ የምንወደው ድምጽ የሚመጣው ቲዩቡ ከአቅሙ በላይ ሲገፋ ነው። ሲግናሉ ጣሪያው ጋ ሲደርስ እንደ መቀስ ቅርጥ አይልም፤ እየጎበጠ፣ እየለሰለሰ ይታጠፋል። ክሩን ጠንከር አድርጋችሁ ስትመቱት ይቆጣል፣ ለስለስ ስታደርጉት ይጸዳል። ጣታችሁን ይሰማል። ግን 50 ዋት አምፕ እዚህ ስሜት ውስጥ የሚገባው መስኮቱ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ነው። እኔ ደግሞ የምጫወተው ልጆቹ ከተኙ በኋላ ነው። ስለዚህ «ትንሽ ዋት ያለው ልስራ፣ ጩኸቱ ሳይበዛ ቲዩቡ እንዲገፋ» አልኩ። ሀሳቡ ልክ ነው፤ አሁንም አምንበታለሁ። የማላምነው በዚህ ሀሳብ ስም የሚሸጠውን ዕቃ ነው።

የመጀመሪያው ማስታወቂያ «እውነተኛ ቲዩብ፣ 1 ዋት፣ ለመኝታ ቤት የሚሆን» ይላል። ፎቶው ላይ 12ኤኤክስ7 የተባለው ቲዩብ ከእግሩ እስከ አናቱ በብርቱካናማ ብርሃን ተሞልቷል። ልቤ ወዲያው ሄደ። ዕቃው ሲመጣ አንድ ሰሌዳ፣ አንድ ቲዩብ፣ አንድ ትንሽ ስፒከር እና ባለ 12 ቮልት አዳፕተር ነው። እዚህ ጋ መንቃት ነበረብኝ። 12ኤኤክስ7 በወጉ እንዲሰራ አኖዱ (ኤሌክትሮኑን የሚቀበለው የውስጥ ብረት) ላይ ከ100 እስከ 300 ቮልት ይፈልጋል። 12 ቮልት የሚበቃው ለፊላመንቱ፣ ማለትም ለማሞቂያው ብቻ ነው። ቮልቴጁን ከፍ የሚያደርግ ሌላ ሰርኪት ሰሌዳው ላይ ከሌለ፣ ቲዩቡ ይሞቃል እንጂ እንደሚታሰበው አይሰራም።

ገጣጥሜ ሰካሁት። ድምጹ ቆርቆሮ ውስጥ የገባ ተርብ ነው የሚመስለው። ጥፋቱ የኔ መሰለኝ። ብየዳውን እንደገና ነካካሁት፣ ኬብል ቀየርኩ፣ ጊታር ቀየርኩ። ያው ነው። ከዚያ አንድ ነገር ታየኝ። ማብሪያውን ስጫነው ቲዩቡ ወዲያው ቦግ ይላል። እውነተኛ ፊላመንት አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ አያደርግም። ለመሞቅ ጊዜ ይፈልጋል፤ ሲሞቅም የሚታየው ደብዘዝ ያለ ፍም ነው። ጎንበስ ብዬ ሳይ ከቲዩቡ ሶኬት ስር ብርቱካናማ ኤልኢዲ ተቀብሯል። ሲያበራ የነበረው እሱ ነው።

ያለው 12 ቮልት ብቻ ስለሆነ ደፈርኩና ቲዩቡን ነቅዬ አወጣሁት። (ከፍተኛ ቮልቴጅ ያለው አምፕ ላይ ይህን እንዳትሞክሩ።) አንድ ኮርድ መታሁ። ጮኸ። ድምጹ ትንሽ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ቲዩቡ መዳፌ ላይ ለብ እንዳለ ተቀምጧል፣ አምፑ ያለ እሱ ይጫወታል።

ሰሌዳውን ገለበጥኩት። ባለ 8 እግር ቺፕ አለ፤ ቁጥሩ በሞረድ ተፍቋል። መስመሮቹን በመልቲሜትር ተከተልኩ። 4ኛው እግር ከግራውንድ፣ 6ኛው ከ12 ቮልቱ፣ 5ኛው በካፓሲተር (ቻርጅ የሚይዝ ዕቃ) በኩል ወደ ስፒከር ይሄዳል። ይህ ኤልኤም386 የተባለው የታወቀ ቺፕ አሰላለፍ ነው። ርካሽ ሬዲዮና መጫወቻ ውስጥ የምናገኘው ማለት ነው። ቺፑን እየናቅኩት አይደለም። ለትንሽ የልምምድ አምፕ በጣም ይጠቅማል። ቲዩብን በዝቅተኛ ቮልቴጅ የሚያሰሩ፣ ይህንንም በግልጽ የሚናገሩ ጥሩ ፔዳሎችም አሉ። የኔ ቅሬታ የቺፕ ዕቃ በቲዩብ ዋጋ መሸጡ ላይ ነው። ቁጥሩን ፍቆ የሸጠ ሰው የሚያደርገውን ያውቃል።

ገንዘቤን እንዲመልስ ጻፍኩለት። «ወንድሜ፣ ሶልደር የነካው ዕቃ አይመለስም» አለኝ። የኪት ወጥመዱ ይሄ ነው። ዕቃው ጥሩ ይሁን መጥፎ የምታውቁት ገጣጥማችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ነው፤ ከገጣጠማችሁ ደግሞ መመለስ የለም። ስለዚህ ካርቶኑ እንደተከፈተ እያንዳንዱን ዕቃ ቁጥሩ እንዲታይ አድርጋችሁ ፎቶ አንሱ። ከቀረበላችሁ ዝርዝር ጋር አመሳክሩ። የሶልደር ብረቱን ከዚያ በኋላ አሙቁ።

ሁለተኛውን ስገዛ ተጠንቅቄ ነበር፤ ቢያንስ እንደዚያ መስሎኝ ነበር። ይሄኛው የምር ቲዩብ ነው። አንድ 12ኤኤክስ7 ከፊት፣ አንድ ኢኤል84 ከኋላ፣ 5 ዋት። አወቃቀሩ የተከበረ ነው። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የወጣው የፌንደር ቻምፕ 5ኤፍ1 ሰርኪት ከዚህ ብዙም አይርቅም፤ እሱ በኢኤል84 ፋንታ 6ቪ6 ነው የሚጠቀመው። ትራንስፎርመሩም ይመዝናል። ደስ አለኝ። ሰርኪት ዲያግራሙን ስጠይቅ ግን «የድርጅታችን ሚስጥር ነው፣ ሰሌዳው ላይ በተጻፈው መሰረት ግጠም» ተባልኩ። 2 ቲዩብ ያለው አምፕ ሚስጥር የለውም። አሰራሩ ከ60 ዓመት በላይ አደባባይ ላይ ያለ ነገር ነው። ይህን እያወቅኩ ዝም አልኩ፤ እናንተ ዝም እንዳትሉ።

አሁን ቁጥሩን ልንገራችሁ። የኃይል ትራንስፎርመሩ 250 ቮልት ኤሲ ያወጣል። ይህ በዳዮድ ተስተካክሎ ዲሲ ሲሆን ጫፉ በ1.414 ይባዛል። 353 ቮልት መሆኑ ነው። ቲዩቦቹ እስኪሞቁ ድረስ ደግሞ ከረንት ስለማይስቡ ቮልቴጁ ከዚያም በላይ ይወጣል። እኔ የለካሁት 372 ነው። ኪቱ ውስጥ የተላኩት ትላልቅ ካፓሲተሮች ላይ ግን የተጻፈው 350 ቮልት ነው። ስለዚህ አምፑን ባበራችሁ ቁጥር ከአቅማቸው በላይ ይጨናነቃሉ። አንድ ቀን ያብጣሉ፣ ወይም ይፈነዳሉ። ቢያንስ 450 ቮልት የሚችል መሆን ነበረበት። የዋጋው ልዩነት ደግሞ ኢምንት ነው።

ከዚያ ቲዩቦቹ ሞቁ። ኢኤል84ቱን አየሁት። መስታወቱ ውስጥ ያለው ግራጫ ብረት መሃሉ ላይ እንደ ምጣድ ስር ቀላ። ፊላመንቱ አይደለም፤ አኖዱ ራሱ ነው የቀላው። ወዲያው ማጥፋት ነበረብኝ፣ ግን ቮልቴጁን ሳልለካ አላጠፋሁም። ካቶዱ (ኤሌክትሮኑ የሚነሳበት የቲዩቡ ክፍል) ላይ ያለው ሬዚስተር 100 ኦም ነው፤ በላዩ ያለው ቮልቴጅ 7.6። ሲካፈል 76 ሚሊአምፔር ይመጣል። የስክሪኑን (ጥቂት ከረንት የሚወስድ ሌላ የቲዩቡ ክፍል) ድርሻ ቀንሳችሁ ቲዩቡ ላይ ባለው 290 ቮልት ብታባዙት አኖዱ ወደ 20 ዋት ገደማ ሙቀት ተሸክሟል ማለት ነው። የኢኤል84 ወሰን 12 ዋት ነው። የቲዩቡ የራሱ ዳታሺት (የአምራቹ መረጃ ወረቀት) በ250 ቮልት 135 ኦም ነው የሚለው። ቮልቴጁን ከፍ አድርጎ ሬዚስተሩን ዝቅ ማድረግ ቲዩቡን መጥበስ ነው። ሻጩ ግን «ሞቅ ያለ ድምጽ» ብሎ አሞግሶታል።

የውጤት ትራንስፎርመሩ ደግሞ የክብሪት ሳጥን ያክላል። አንድ የኃይል ቲዩብ ብቻ ባለው አምፕ ውስጥ፣ የቲዩቡ ዲሲ ከረንት በሙሉ በዚህ ትራንስፎርመር ውስጥ ያልፋል። ብረቱ በማግኔትነት ሞልቶ እንዳይታፈን በመሃሉ ትንሽ የአየር ክፍተት ያስፈልገዋል፤ መጠኑም ገዘፍ ማለት አለበት። የኔው ክፍተት የለውም። ባሱ የጠፋው ለዚህ ነው።

ከሁሉም ያስደነገጠኝ ግን ገመዱ ነው። ሁለት ሽቦ ብቻ ነው ያለው። ኧርዝ (ወደ መሬት የሚሄደው የደህንነት ሽቦ) የለውም። ፊውዝም የለውም። የአምፑ አካል ብረት ነው፤ የጊታራችሁ ክር ደግሞ በኬብሉ በኩል ከዚያ ብረት ጋር የተያያዘ ነው። ውስጥ አንድ ሽቦ ተላቆ ብረቱን ቢነካ፣ ኮረንቲው እጃችሁ ላይ ነው ያለው። ክሩን ጨብጣችሁ፣ ባዶ እግራችሁን መሬት ላይ ቆማችሁ። ኧርዝና ፊውዝ ቢኖሩት ፊውዙ ይቃጠል ነበር፣ እናንተ ትተርፉ ነበር። ይህ ለድምጽ ጥራት የሚጨመር ቅንጦት አይደለም።

አንድ ልጨምር። የቀላውን ቲዩብ ካወጣሁ በኋላ ያለ እሱ አንዴ አብርቼ ለካሁና ነቀልኩት። ግማሽ ሰዓት ቆይቼ ካፓሲተሩን ስለካው አሁንም 240 ቮልት ይዟል። ከሶኬት ከተነቀለ ግማሽ ሰዓት ያለፈው ዕቃ! በወጉ የተሰራ አምፕ ይህን ቻርጅ ቀስ እያለ የሚያፈስ ሬዚስተር አለው። ኪቱ ውስጥ አልነበረም። መመሪያው ላይም ስለዚህ አንድ ቃል አልተጻፈም። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገጣጥም ልጅ «ነቅዬዋለሁ» ብሎ እጁን ሲከት አስቡት።

አሁን «ዝምተኛ» ስለሚባለው ነገር። በዚህ እንዳትታለሉ። 5 ዋት ከ50 ዋት አስር እጥፍ ያነሰ ነው፣ ለጆሯችን ግን የሚሰማው በግማሽ ገደማ ቀንሶ ነው። የጊታር ስፒከር በ1 ዋት አንድ ሜትር ላይ 97 ዴሲቤል ወይም ከዚያ በላይ ማውጣቱ የተለመደ ነው። ይህ ጩኸት ነው፤ ሰው ያስነሳል። ወደ 70 ዴሲቤል ለማውረድ 2 ሚሊዋት ያህል ነው የሚያስፈልገው፤ 1 ዋት ለ500 ሲካፈል ማለት ነው። ስለዚህ ዋቱ ብቻውን ዝምታ አይሰጣችሁም። የሚያስፈልጋችሁ በደንብ የተሰራ ማስተር ቮሊዩም፣ ወይም በአምፑና በስፒከሩ መካከል ገብቶ ኃይሉን የሚቀንስ አቴኑዌተር፣ ወይም የኃይል ቲዩቡን ቮልቴጅ ዝቅ የሚያደርግ ሰርኪት ነው። ከእነዚህ አንዱ ሳይኖረው «5 ዋት፣ ለሌሊት የሚሆን» የሚል ማስታወቂያ ውሸት ነው። በዝቅተኛ ድምጽ ጆሯችን ባሱንም ቀጭኑንም አሳንሶ ስለሚሰማ ድምጹ ትንሽ መቅጠኑ ግን አይቀርም። ይህን የሻጩ ጥፋት አታድርጉት።

ስትገዙ እኔ አሁን የማደርገውን አድርጉ። መጀመሪያ ሙሉ ሰርኪት ዲያግራም ጠይቁ። አልሰጥም ካለ ንግግሩ እዚያው ያብቃ፤ ዋጋ ቢቀንስላችሁም ያብቃ። ከሰጣችሁ፣ አኖዱ ላይ ስንት ቮልት እንደሚጻፍ፣ ካፓሲተሮቹ ስንት እንደሚችሉ፣ ባለ ሦስት ሽቦ ገመድ፣ ፊውዝ እና ቻርጅ ማፍሰሻ ሬዚስተር መኖራቸውን እዩ። የውጤት ትራንስፎርመሩን ክብደት ጠይቁ። ዳታሺት ማንበብ የሚችል ጓደኛ ካላችሁ ዲያግራሙን አሳዩት፤ አሥር ደቂቃ አይፈጅበትም። ብየዳ ለምዳችሁ፣ ከፍተኛ ቮልቴጅ ግን ካልለመዳችሁ ደግሞ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያውቅ ሰው አጠገባችሁ ተቀምጦ ይብራ።

እንዲህ ያለ ኪት ቀድሞ እጃችሁ የገባ ካላችሁ፣ በ12 ቮልት አዳፕተር የሚሰራው፣ ቮልቴጁን ከፍ የሚያደርግ ሰርኪት ከሌለው፣ አይጎዳችሁም፤ ያበሳጫችኋል እንጂ። በቀጥታ ግድግዳ ላይ የሚሰካው ከሆነ ግን ዛሬ ንቀሉት። የገመዱን ሽቦ ቁጠሩ። ሁለት ከሆነ መልሳችሁ አትሰኩት። ስትከፍቱት መልቲሜትራችሁን ዲሲ 1000 ቮልት ላይ አድርጋችሁ አንድ እጃችሁን ከኋላ ይዛችሁ ትልቁን ካፓሲተር ለኩ፤ ከ10 ቮልት በታች መውረዱን ሳታዩ ምንም አትንኩ። ካልወረደ ምንም ሳትነኩ መልሳችሁ ዝጉትና ለባለሙያ ውሰዱት።