ያገለገለ የተራራ ብስክሌት በጅማ፦ ጀማሪ ገዢ የትኛውን ይምረጥ?

ጅማ ውስጥ ያገለገለ የተራራ ብስክሌት የሚፈልግ ጀማሪ በአብዛኛው የሚያማርጠው ከሦስት ዓይነት ነው፤ ከፊትም ከኋላም ሞላ ያለው፣ ከፊት ብቻ ሞላ ያለው፣ ሞላ ጭራሽ የሌለው። በፎቶ ሲታዩ ልዩነታቸው የመልክ ብቻ ቢመስልም፣ ወደ ጅሬን የሚያወጣው ዳገትና የክረምቱ ቀይ ጭቃ ግን አንዱን ከሌላው ፈጥነው ይለያሉ።

ዓይን የሚስበው ባለ ሁለት ሞላው ነው፤ ለጀማሪ የማልመክረውም እርሱን ነው። ጥራት ያለው ባለ ሁለት ሞላ እጅግ ውድ ሲሆን፣ በርካሽ የሚገኘው ግን ብዙውን ጊዜ ከብረት የተሠራና እስከ 18 ኪሎ ግራም የሚመዝን ነው፤ የኋላ ሞላውም ፔዳሉ በተረገጠ ቁጥር ስለሚረግብ ዳገት ላይ የነጂውን ጉልበት ይበላል። የኋላው ክፍል የሚተጣጠፍባቸው መጋጠሚያዎችም ጭቃና ውሃ ሲገባባቸው ይላላሉ። ኮርቻውን በአንድ እጅ፣ የኋላውን ጎማ በሌላው ይዞ ግራና ቀኝ ሲነቀንቁት ቋ የሚል ድምፅ ከተሰማ መተው ይሻላል፤ መለዋወጫው ብዙ ጊዜ ለዚያ ሞዴል ብቻ የሚሠራ ነውና።

ከፊት ብቻ ሞላ ያለውና አካሉ አሉሚኒየም የሆነው ከ13 እስከ 15 ኪሎ ግራም ገደማ ስለሚመዝን ዳገቱን ያቀላል፤ የመጀመሪያ ምርጫዬም ይኸው ነው። ሻጩ አሉሚኒየም ነው ካለ ትንሽ ማግኔት ማስጠጋት ነው፤ ከተጣበቀ ብረት ነው። ቀጥሎ የፊት ፍሬኑን ይዞ መሪውን ወደ ታች መጫን፣ ሞላው ያለ መንገጫገጭ ወርዶ መመለሱን፣ የሚያብረቀርቁት ቱቦዎችም አለመቧጨራቸውን ማየት ያስፈልጋል። ከመሪው ሥር አካሉ በሚገናኝበት ብየዳ ዙሪያ ቀለሙ እንደ ፀጉር በቀጠነ መስመር ተሰንጥቆ ከታየ ግን ዋጋው ምንም ያህል ቢቀንስ አይገዛም።

ሞላ የሌለው ኮብልስቶን ላይ እጅን ያደነዝዛል፤ ሆኖም የሚበላሽበት ነገር ጥቂት ነው። በደንብ የተያዘ ሞላ አልባ ብስክሌት ሞላው ከደረቀ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። አካሉ ብረት ከሆነ የኮርቻውን ዘንግ ነቅሎ በስልክ መብራት ወደ ውስጥ መመልከት ይገባል፤ ዘንጉ አልነቀል ካለ ወይም የዝገት ብናኝ ከወጣ ዝናቡ ከውስጥ በልቶታል ማለት ነው።

ፍሬን ላይ ግን መቸኮል አይገባም። ቸርኬውን ከሁለት ወገን በጎማ የሚይዘው ፍሬን ቀላልና ርካሽ ቢሆንም፣ አሸዋ ያዘለ ጭቃ በፍሬኑ ጎማና በቸርኬው መካከል እየገባ ቸርኬውን እንደ ሞረድ ይሞርደዋል፤ ጎኑ በጣት ሲዳሰስ ጎድጎድ ካለ ቸርኬው የሚቀየርበት ጊዜ ቀርቧል። የዲስክ ፍሬን፣ ማለትም ከቸርኬው ጋር የሚዞር ሳህን መሰል ብረት የሚይዘው፣ በቸርኬው መሃል ላይ ስለሚቀመጥ ከጭቃው ይርቃል። ከዲስኮቹም በሽቦ የሚሳበውን ለጀማሪ እመርጣለሁ፤ ሽቦው ቢበጠስ ቅያሪው አያስቸግርም። በዘይት የሚሠራው በአንድ ጣት የሚያቆም ብርቱ ፍሬን ነው፤ ነገር ግን አንዳንዱ የማዕድን ዘይት፣ ሌላው ዶት የሚባለውን የፍሬን ዘይት ስለሚጠቀምና አንዱ በሌላው ቦታ ሲገባ ጎሚኒዎቹን ስለሚያበላሽ፣ ከመግዛት በፊት የሰፈሩ ጠጋኝ ሥራውን ይችለው እንደሆነ መጠየቅ ያሻል። እጀታው ተጨብጦ ሲያዝ ቀስ በቀስ ወደ መሪው ከሰመጠ ዘይት ያፈስሳል ወይም አየር ገብቶበታል።

የቸርኬው መጠን 26 ይሁን 29 ኢንች ለጀማሪ ብዙም አያስጨንቅ፤ ቁመት ግን ያስጨንቃል። ሁለቱን እግር መሬት አስረግጦ ሲቆሙ በላይኛው ቱቦና በጉያ መካከል 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት መኖር አለበት።

ካቴናው በማስመሪያ ይለካል። አዲስ ካቴና ከአንድ ፒን (የካቴናውን ቁርጥራጮች ከሚያያይዘው ትንሽ ዘንግ) መሃል ተነሥቶ ከእርሱ ቀጥሎ እስካለው 24ኛ ፒን መሃል 304.8 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከ307 ካለፈ መቀየር አለበት፤ 308 ከደረሰ የኋላ ማርሹንም ጥርስ በልቶታል ተብሎ ስለሚገመት፣ የሁለቱ ዋጋ ሻጩ ከሚጠይቀው ላይ ይቀነስ።