ከወጨጫ ቻርጅ ጨምራ የወረደችው መኪናዬ

ቢዋይዲ ዩዋን ፕላስ የምትባለውን የኤሌክትሪክ መኪና ከያዝኩ ወራት አልፈዋል። ከዓለም ገና ሥራ ስመላለስባት ደህና ናት፤ ስለዚያ ብዙ የምለው የለኝም። የምጽፈው ስለ ወጨጫ ተራራ ቁልቁለት ነው።

ሰው ሁሉ ሲያስፈራራኝ የነበረው በዳገቱ ነው። «የኤሌክትሪክ መኪና ለቦሌ አስፋልት ነው፤ ተራራ ላይ ጥላህ ትቀራለች» ይሉኝ ነበር። ወጨጫ 3,385 ሜትር ነው። ከሰበታ ተገንጥሎ በመናገሻ ሱባ ደን በኩል የሚወጣው መንገድ ድንጋይና ልቅ ጠጠር ነው። ጎማ ሲንሸራተት ልብ ይሰቅላል።

ግን ወጣች። ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ቱርቦ የሌለው የቤንዚን መኪና ሩብ ያህል ጉልበቱን ያጣል። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር አይፈልግም። ቤተሰብ ጭና 500 ሜትር ሽቅብ ለመውጣት ከፍታው ብቻውን የሚበላው 2.6 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። የኔ ባትሪ 50 ገደማ ይይዛል። ታዲያ የቱ ጋ ነው ጥላኝ የምትቀረው? መኪና እስከሚያደርሰው ሄድን፤ የቀረውን በእግራችን።

ጉዱ ስንወርድ ነው። ሪጀኑን፣ ማለትም መኪናዋን እየያዘ ኃይል ወደ ባትሪ የሚመልሰውን፣ ከፍ አደረግኩት። የፍጥነት መርገጫውን ስለቀው ሞተሩ ራሱ ያዛት፤ ጀነሬተር ሆኖ ባትሪውን ይሞላል። ፍሬን የነካሁት ኩርባና ትልልቅ ድንጋይ ላይ ብቻ ነው። በድሮ መኪናዬ እንዲህ ያለ ቁልቁለት ስወርድ የፍሬን ሸራ ሽታ አፍንጫ ይሰነፍጥ ነበር። አሁን የሸተተን ጥዱ ነው። ታች ስንደርስ ደግሞ ቻርጇ ተራራው ላይ ሳለን ከነበረው ጨምሯል!

እናንተ ሻጮች፣ ስክሪኑ ይዞራል እያላችሁ ስንት ሰዓት አቆማችሁኝ! ስክሪን ቢዞር ምን ይረባኛል? ልጆቼን ጭኜ ከተራራ ስወርድ ፍሬኔ እንደማይግል ለምን አልነገራችሁኝም? እናት አባት የሆነ ሰው መኪና የሚገዛው ለዚህ ነው። ነገም ብገዛ እሷኑ ነው የምገዛው።

ባትሪዋ ከሥር ስለሆነ የጎላ ድንጋይ ሲገጥመኝ ወርጄ አያለሁ። ክረምት ላይ በዚያ ጭቃ አልሞክራትም፤ የሚጎትቷት የፊት ጎማዎች ብቻ ናቸው።

እንጦጦ አናት ላይ ወይም ሌላ ዳገት ላይ የምትኖሩ፣ ጠዋት የምትወርዱ ከሆነ ማታ እስከ 100 አትሙሏት። ባትሪው ሲሞላ የሚመለሰው ኃይል መግቢያ ያጣል፤ ሸክሙ ሁሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል።