ለእጄ ተለክቶ የተበሳ የቦውሊንግ ኳስ፦ ከዘጠኝ ወር በኋላ

እዚህ ቨርጂንያ ውስጥ ከታላቅ ወንድሜ ጋር ማክሰኞ ማክሰኞ ማታ ቦውሊንግ፣ ማለትም ከባድ ኳስ በጣውላ ላይ አንከባሎ ጫፉ ላይ የቆሙትን አሥር ፒኖች የመጣል ጨዋታ፣ መጫወት ከጀመርኩ ሦስት ዓመት ሆኖኛል። የራሴን ኳስ የገዛሁት ግን ከዘጠኝ ወር በፊት ነው። 14 ፓውንድ የሚመዝን፣ ስድስት ኪሎ ተኩል የማይሞላ ተራ የፖሊስተር (የጠንካራ ፕላስቲክ ዓይነት) ኳስ ነው፤ ማስበሻውን ጨምሮ 150 ዶላር ገደማ ወጣበት።

ትልቁ ነገር ቀዳዳዎቹ ናቸው። የአዳራሹ ኳሶች የሚበሱት ለማንም እጅ እንዲሆኑ ስለሆነ የአውራ ጣቱ ቀዳዳ ሰፊ ነው። እንዳያመልጠኝ አውራ ጣቴን አጥፌ ጨምድጄ እይዘው ነበር። የጨመደደ እጅ ደግሞ አንዴ ቶሎ፣ አንዴ ዘግይቶ ይለቃል። ከመወርወሪያው መስመር እስከ ፊተኛዋ ፒን 60 ጫማ፣ ከ18 ሜትር በላይ ነው፤ እጅ ላይ ኢምንት የነበረው ስሕተት እዚያ ሲደርስ ፒን ያስስታል። ሁለት ዓመት ሙሉ ጥፋቱን በዓይኔና በእርምጃዬ እያላከክኩ ኖሬአለሁ! ባለሙያው ጣቶቼን አንድ በአንድ ለክቶ የበሳው ኳስ ግን ሳልጨብጠው እጄ ላይ ይቀመጣል፤ ክንዴ ወደ ፊት ሲመጣ አውራ ጣቴ በራሱ ሾልኮ ይወጣል።

መጀመሪያ ላይ ቀዳዳው ጠብቦኝ የጣቴ መገጣጠሚያ ተልጦ ሁለት ሳምንት ከረመ፤ መልሼ ወስጄ አሰፋሁት። ጣት በብርድ ይኮማተራል፣ ጨዋታው ሲሞቅ ያብጣል። ስለዚህ ቀዳዳው ውስጥ ነጭ ቴፕ እለጥፋለሁ፤ ስጀምር ሦስት ድርብ፣ በሦስተኛው ጨዋታ አንድ ብቻ። ይህን ሳላውቅ ያሳለፍኳቸው ወራት ይቆጩኛል።

የፖሊስተር ኳስ ሲንከባለል መንገዱ እምብዛም አይታጠፍም። የጣውላው የፊት ክፍል ዘይት ይቀባል፤ የሬዚን ኳሶች ዘይቱን አልፈው ደረቁን ሲያገኙ ይታጠፋሉ፤ ዘይቱ በጨዋታ ብዛት ሲጠረግም አካሄዳቸው ይለወጣል። የእኔው ግን ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ቀኝ ጥግ ብቻዋን የምትቀረውን አሥረኛዋን ፒን ለመምታት ወደ ግራ ጠርዝ ተጠግቼ፣ ጣውላው ላይ ከተሳሉት ሰባት ቀስቶች መካከለኛውን ዒላማ አድርጌ በሰያፍ እለቀዋለሁ። ደብተሬ ላይ እንደጻፍኩት፣ ድሮ ከአሥር ሙከራ ሦስቱን አገኝ ነበር፤ አሁን ሰባቱን አገኛለሁ።

ጉድለቱ ስትራይክ ላይ፣ ማለትም አሥሩንም ፒን በመጀመሪያው ኳስ መጣል ላይ ነው። ቀጥ ያለ ኳስ ከጎን ታጥፎ እንደሚገባው አይበትንም። ሆኖም አንድ ስትራይክ እንኳ ሳይኖረው በየዙሩ በመጀመሪያው ኳስ ዘጠኝ እየጣለ ቀሪዋን በሁለተኛው የሚለቅም ሰው፣ በመጨረሻው ተጨማሪ ኳስም ዘጠኝ ከጣለ፣ 190 ነጥብ ይዞ ይወጣል። የእኔ አማካይ ከ118 ወደ 146 ከፍ ብሏል፤ ጭማሪው በአብዛኛው ከስፔር፣ ማለትም የቀሩትን ፒኖች በሁለተኛው ኳስ ከመልቀም የመጣ ነው።

በመጪው ክረምት ለስትራይክ የሚሆን የሬዚን ኳስ እጨምራለሁ። የተስተካከለው የጣቴ ልክ ባለሙያው ዘንድ ተመዝግቦ ተቀምጧል።